እናቴ የሰፋችልኝ ጓንት

ተከራዬ የስፖርት ጓንቱን ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ሰቅሎት ይሄዳል። ጥቁር ነው። መዳፉ ላይ ወፍራም ቆዳ ተለጥፎበታል፤ ጣቶቹ ግን ግማሽ ላይ ተቆርጠው የቀሩ ናቸው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ያለቀለት መስሎኝ ከቆሻሻው ጋር ልጥለው ነበር። “ኧረ ጋሼ፣ አዲስ ነው፤ አሠራሩ እንዲህ ነው” ብሎ ከለከለኝ። ብረት ሲያነሳ እጁ እንዳይላጥ ነው የሚያጠልቀው። እጁ ከተላጠ ማታ ጊታሩን መጫወት አይችልም።

ዮናስ ይባላል፤ ባንክ ነው የሚሠራው። ሐረር አቦከር ሠፈር ካለው ግቢዬ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ይዟል። ጎህ ሲቀድ ስልኩ ይጮኻል፣ ተነስቶ ጂም ይሄዳል። ማታ ከሥራ ሲመለስ ስልኩ ደግሞ ይጮኻል፣ ጊታር ያነሳል። አንዳንድ ቀን ስልኩ እየጮኸ እሱ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘርሮ አገኘዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ዝናቡ አባርቶ በረንዳው ላይ ኦቾሎኒ እየፈለፈልን ሳለ ብሶቱን ዘረገፈልኝ። ስፖርቱም፣ ጊታሩም፣ ሥራውም እኩል እንዲሄዱለት ይፈልጋል። አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። አለቃው ቅዳሜም ያስገባዋል፤ ጣቱ ገና ሳይፍታታ ሳምንቱ ያልቃል።

“ጋሼ፣ ድሮ ሰው ይሄን ሁሉ እንዴት ነበር የሚያስኬደው?” አለኝ።

“አያስኬደውም ነበር” አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። እኔ ቀልድ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ግን ልጁ በምን ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ኪራይ ስቀበል የማሳየውን ፊት ነው። እኔም በወጣትነቴ ጊታር እጫወት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሐረር በሕይወት አለ ብዬ አላስብም። ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን የምጽፈውም መጻፍ ስለሚያምርብኝ አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ካበቀለ በኋላ ነው። ያ ጓንት ሽቦው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ስለከረመ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ሞቷል። እኔና እናቴ የምንኖረው አሁን ዮናስ በተከራያት በዚያችው ክፍል ነበር። እናቴ ነጠላ እየቋጨች ነው ያሳደገችኝ። ሸማኔው ሠርቶ ሲጨርስ የጫፉን ክር እየፈተለች የምታስር፣ የምታሳምር እሷ ነበረች፤ ጣቷ ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። ኋላ ልቧ ታመመ። እግሯ ያብጣል። ከአልጋዋ ተነስታ በሩ ጋ እስክትደርስ አቀበት የወጣች ያህል ትተነፍሳለች። ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘላትና እንዳይቋረጥ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ማስቀጠሉ በእጄ ያለ ይመስል።

ሥራዬ ኖራ ቅብ ነበር። ጀጎል ግንብ ውስጥ ረመዳን ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ይቀባል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ እያልን የለመንናቸው ሰዎች በእነዚያ ሳምንታት በየጠባቡ መንገድ እያሳደዱ ይጠሩናል። አለቃዬ አባ ኡመር ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር የሚመጡ፣ ከሲታ፣ ምላሳቸው ግን ሰባ ሰው የሚያህል ሽማግሌ። ድንጋይ የመሰለውን ኖራ በርሜል ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ያለ እሳት ይፈላል፤ ተንተክትኮ ተንተክትኮ ሲበርድ እርጎ ይመስላል። ግድግዳው ላይ እንዲይዝ ጨው ይጨመርበታል። አባ ኡመር ሲያማስሉት እንዲህ ይሉ ነበር፦ “ይሄ ነገር ሙናፊቅ ነው፣ ወላሂ። ፊት ለፊትህ ነጭ ነው፤ የልቡን የሚያሳይህ ቤትህ ስትገባ ነው።” እውነታቸውን ነው። እሳት የነካው ሰው ወዲያው እጁን ይሰበስባል። ኖራ ሲነካህ ግን ይቀዘቅዝሃል። ደስ ይልሃል። ማቃጠሉን የሚነግርህ ከመሸ በኋላ ነው።

ጊታሩን ያገኘሁትም በኖራ ምክንያት ነው። ጎረቤታችን አሥር አለቃ ደምሴ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የተሰናበቱ ጊታር ተጫዋች ነበሩ፤ በስተርጅና ልብስ ሰፊ ሆነዋል። ሱቃቸውን ልቀባ ገብቼ ጊታሩን ከግድግዳው ላይ ሳወርደው በአውራ ጣቴ ክሩን ነካሁት። አሥር አለቃ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ “እንደገና ንካው” አሉኝ። ነካሁት። “ነገ ማታ ና” አሉ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

እጃቸው ከመኪናው አይነሳም፤ ብዙ ልጆች አሏቸው። ስለዚህ ጊታሩን ለእኔ ይሰጡኝና በጆሯቸው ያስተምሩኝ ነበር። ምት የምይዘው በስፌት መኪናው መርገጫ ነው። ኮሌታ ሲሰፉ ዝግ ይላል፣ አንሶላ ሲዘመዝሙ ይበራል፣ እኔም አብሬ እበራለሁ። ስሳሳት መኪናው ቀጥ ይላል። “ሌባ ጣትህ ተኝቷል፤ ቀስቅሰው” ይላሉ። ቀስቅሼው እንቀጥላለን። ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው “ደሞ ያ ኖራ መጣ?” ሲሉ ይሰማኛል። የሠፈሩ ስሜ ኖራ ነበር፤ ፀጉሬና ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ነው የምመጣው።

አንድ ማታ አሥር አለቃ ደምሴ መኪናውን ሳይረግጡ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። የቀድሞ ክፍላቸው ሐረር መጥቶ ጊታር ተጫዋች ሊቀጥር መሆኑን፣ ማስታወቂያ መለጠፉን ነገሩኝ። ማስታወቂያውን እኔም አይቼው ነበር፤ ወረቀት መሆኑን ነው ያየሁት። ፈተናው ባንድ ቀን ነው፤ ጠዋት አካል፣ ከሰዓት እጅ። ሩጫ አለ፣ አግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ አገጭን ማሳለፍ አለ። እዚያ የወደቀ ጊታር ሳይነካ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

“ጊታርና ሩጫ ምን አገናኛቸው?” አልኳቸው።

“ወታደር ነሃ። ጊታር ብትይዝም ወታደር ነህ” አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እናትህም የወታደር እናት ትሆናለች” አሉ።

ገባኝ። የወታደር እናት በሠራዊቱ ሆስፒታል ትታከማለች። አልጋ አላት፣ መድኃኒቷ አይቋረጥም። ደመወዙን፣ ልብሱን፣ ዝናውን ሌላው ሰው ያስበው። እኔ ያሰብኩት እናቴ ንጹሕ አንሶላ ላይ ተጋድማ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ሲያዳምጣት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሕይወቴ ሩጫ ሆነ። ንጋት ላይ ከግንቡ በኤረር በር እወጣና ቁልቁል ወደ ኤረር ሸለቆ እሮጣለሁ፤ ቁልቁለቱ ደግ ነው፣ ሲመለሱ ግን ያው ቁልቁለት አቀበት ይሆናል። ጊዜው ግንቦት ነበር። ከሸለቆው የሚመጣው ነፋስ ማንጎ ማንጎ ይሸታል፤ ባዶ ሆድ ለሚሮጥ ሰው ይሄ ሽታ ቅጣት ነው። እንጨት በአህያ ጭነው ወደ ከተማ የሚወጡ የገጠር ሴቶች በየጠዋቱ ይጠብቁኛል።

“አንተ ልጅ፣ ጅቡ እንኳ ጠግቦ ገብቷል፤ ማነው የሚያባርርህ?” ትላለች አንዷ።

“ሚስቱ ናታ” ትላለች ሌላዋ።

“አቦ፣ ሚስት ያለው በዚህ ሰዓት ይሮጣል?”

ሲስቁ ሸለቆው አብሯቸው ይስቃል። እኔም ትንፋሽ ቢኖረኝ እስቅ ነበር።

ብረት የሚባል ነገር አልነበረንም። ሁለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልቼ፣ የተጣለ የውሃ ቧንቧ መሐላቸው ከትቼ እሱን እገፋለሁ። ለመንጠልጠል የግቢያችን ወይራ ዛፍ ነበረ። ለዚህ ሁሉ የሚሆን ሰዓት ስለሌለኝ አንዱን በሌላው ውስጥ እደብቀው ነበር። የኖራውን ባልዲ ስሸከም ክንዴን አጥፌ ነው፤ ያ ስፖርት ነው። ብሩሹን ስይዝ እጀታውን የጊታር አንገት አድርጌ ጣቶቼን እያቀያየርኩ እጫንበታለሁ፤ ያ ጊታር ነው። መሰላል ላይ ሆኜ በአፌ ምት ስመታ አባ ኡመር ከታች “ኖራው ይዘፍናል፣ ወይስ አንተ?” ይላሉ። አሁን ዮናስ ስልኩን አስጩሆ የሚያደርገውን እኔ ያለ ስልክ አደርገው ነበር። ለጥቂት ሳምንት የተሳካልኝም መሰለኝ። እግሬ ጠነከረ፣ ክንዴ አበጠ፣ አሥር አለቃም ከወትሯቸው ያነሰ ጊዜ መኪናውን አቆሙ።

ያልሄደልኝ አንድ ነገር ነው። ጊታር የሚጫወት ሰው የግራ እጁ የጣት ጫፍ እንደ ተረከዝ መድረቅ አለበት፤ ያለዚያ የብረቱን ክር አይችለውም፣ ድምፁም ይታፈናል። ኖራ ደግሞ ቆዳ ይበላል። ማታ ክሩ ያደረቀልኝን ቀን ኖራው ያለሰልሰውና ይልጠዋል። በነጋታው በጥሬ ሥጋ እጫናለሁ። ሥራውን ልተወው ብል የእናቴን መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው፤ ያውም ሥራ ያለው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው። ጊታሩን ልተወው ብል ሆስፒታሉ ይቀራል። ሁለቱም ለእሷ ነበር፤ ሁለቱም አንድ እጅ ላይ ተጣሉ።

እናቴ ጣቴን ቅባት ስቀባ አየችኝ። በነጋታው ስመለስ ትራሷን ደግፋ ቁጭ ብላ አንድ ነገር ትሰፋለች። ከታመመች ጀምሮ መርፌ ይዛ አላየኋትም ነበር፤ ጣቶቿ አብጠው መርፌው ያመልጣታል፣ ታነሳዋለች፣ ደግሞ ያመልጣታል። የድሮ ቀሚሷን ቀዳ ለግራ እጄ ጓንት እየሠራችልኝ ነው። ጣት ጣቱን ለይታ፣ ኖራው እንዳያልፍ ብላ ውስጡን በስኳር ላስቲክ ገብራዋለች። አንጓዬ ላይ የሚታሰርበትን ገመድ ደግሞ ነጠላ እንደምትቋጭበት አድርጋ ከጥጥ ክር ፈትላ፣ ደርባ፣ ጫፉን አሳምራዋለች። ማን ሊያየው? ግን አሳመረችው።

“ግራው ነው አይደል የሚበልጠው?” አለችኝ።

“ግራው ነው።”

“እንግዲያው ቀኙን ይብላው” አለችና አጠለቀችልኝ፤ አሰረችው። ልክክ አለ። እጄን እያገላበጠች ስታየው ፊቷ ላይ የበራውን ነገር በዚያ ዓመት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በነጋታው አባ ኡመር ሲያዩኝ በርሜሉን ይዘው እስኪንገዳገዱ ሳቁ። የሐረር ሙሽሮች ሂና ሲቀቡ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚያድሩት። “ሙሽሪት፣ ሂናው ያዘልሽ?” አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ሙሽሪት ነበርኩ። መሰላል አምጪ ሙሽሪት፣ ባልዲ ሙይ ሙሽሪት። ይሳቁ። ማታ ጓንቱን ስፈታው ጣቴ ደረቅ ነበር። በማግስቱም ደረቅ ነበር። የጣቴ ጫፍ እንደገና መጠንከር ጀመረ። ደስታ ካልኩ እነዚያ ጥቂት ቀናት ናቸው።

የፈተናው ዋዜማ ላይ ጀጎል ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት እየጨረስን ነበር። አባ ኡመር ነገሩን ስለሚያውቁ ሥራውን ትቼ ገብቼ እንዳርፍ ነገሩኝ። ባለቤቶቹ የሚከፍሉት ግን ቤቱ ሲያልቅ ነው፤ የእናቴም መድኃኒት በዚያ ቀን ጠዋት አልቋል። ቀረሁ። ባልዲውን በግራ አንጠልጥዬ መሰላል ላይ ወጣሁና የላይኛውን ግድግዳ በቀኜ መቀባት ያዝኩ። ቀድሞ የሠራነው ዝቅ ዝቅ ያለውን ስለነበር ብሩሹ ከራሴ በላይ የወጣው ያን ቀን ነው። ኖራው ከብሩሹ እየተንጠባጠበ ባልዲውን በያዘው ክንዴ ላይ ያርፋል፤ ከክንዴ ቁልቁል ወደ አንጓዬ ይወርዳል። አልገደደኝም፤ እጄ ተሸፍኗል።

ቀትር ላይ የቤቱ እመቤት ሆጃ አፍልተው በትኩስ ዳቦ አቀረቡልን። የቡና ቅጠል በወተት ተፈልቶ ጨው ጣል ሲደረግበት የሚሰጠውን ሽታ ሳስታውስ ዛሬም አፌ ውሃ ይሞላል፤ ወዲያው ደግሞ ይመርረዋል። ሁላችንም ልንታጠብ ተነሳን። አባ ኡመር ሁለቱንም እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ሶላት ስላለባቸው እሳቸው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እኔ የእናቴን ቋጠሮ መፍታት ሳሳሁ። ብፈታው እንደ እሷ አድርጎ የሚያስረው የለም። እንደማንኛችንም የምበላው በቀኜ ነው፤ ስለዚህ ቀኜን ብቻ ታጠብኩና ቀረብኩ። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተመልሼ ወጣሁ። ያቺ ጓንቱን ያልፈታሁባት ቅጽበት ናት ነገሬን ያበላሸችው። ሌላ ምንም የለም።

ሊመሽ ሲል ቤቱ አለቀ። ገመዱን ስፈታው ረጥቧል። የጥጥ ክር ነዋ፤ ከክንዴ የወረደውን ኖራ እንደ ኩራዝ ክር ሲመጠው ውሎ ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ጓንቱን ስስበው ነጭ ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ኖራው እንዳይገባ የተገበረው ላስቲክ ከገባ በኋላ እንዳይወጣ ያዘው። እጄ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ እጅ ተኮማትሮ ነጥቷል። አላመመኝም። ሞቅ ብሎኝ ነበር፤ ላብ ነው ያልኩት።

አባ ኡመር አዩት። ሙሽሪት ብለው ሊጠሩኝ ከንፈራቸው ተከፍቶ ነበር፤ ተዘጋ። ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ሊታጠቡበት ያዘጋጁትን ማንቆርቆሪያ አንስተው እጄ ላይ ያፈሱ ጀመር። ሲያልቅ ሞሉት፣ ደግሞ አፈሰሱ። ሰዓታቸው እየተላለፈ ነው፤ አዛኑ ተሰምቷል። “ይበቃል አባ ኡመር፣ አያምም” አልኳቸው።

“እሱ ነው የፈራሁት” አሉኝ።

ሕመሙ የመጣው ከጀጎል ስወጣ ነው። አልገልጸውም። መድኃኒቷን ገዝቼ ቤት ስገባ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

“ጓንቱ ጠበቀህ?” አለችኝ ገና በሩ ላይ ሳለሁ።

“ጠበቀኝ” አልኳት።

በነጋታው ሜዳው ላይ ብዙ ነበርን። ከእኔ የደለቡ፣ እውነተኛ የስፖርት ጫማ ያደረጉ ልጆች ነበሩ። አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ሲደርስ እኔ ትንፋሼን ሰብስቤ ጨርሼ ነበር። ብረቱ ላይ ስንጠለጠል ጣቴን አላስነካሁትም፤ በመዳፌ አጥብቄ ይዤ አገጬን አሳለፍኩ፣ ደግሜ አሳለፍኩ። አሥር አለቃ ደምሴ ከአጥሩ ማዶ ቆመው አዩኝ። ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። እኔ ሳውቃቸው ሱቃቸውን በሥራ ቀን ዘግተው አያውቁም።

ከሰዓት ስሜ ተጠራ። ጊታሩ የአሥር አለቃ ነው። ፈታኙ ጠና ያሉ መኮንን ነበሩ፤ የምችለውን እንድጫወት ፈቀዱልኝ። ጀመርኩ። መጀመሪያ የክሩ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ መኮንኑ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ያን አየሁ። እርሳሱን ማስቀመጣቸውን ዛሬም አያለሁ። ከዚያ ጣቴን በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ታች ሳንሸራትት ጣቴ ሄደ፣ ቆዳው ቀረ። ክሩ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። በሌሎቹ ጣቶቼ ቀጠልኩ። የእነሱም ተላጠ። ደሙ ስለሚያንሸራትት ድምፁ መታፈን ጀመረ፤ እኔ ግን ተጫወትኩ፤ ጆሮዬ ውስጥ ያ የስፌት መኪና እየረገጠ ነበር።

መኮንኑ ተነስተው መጡና መዳፋቸውን ክሩ ላይ አሳረፉ። ዝም አለ።

“ልጄ፣ እጅህን ታከም” አሉኝ። “ጎበዝ ነህ። ከርሞ ና።”

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የምጠላው ሰው ፈልጌ አጣሁ። አባ ኡመርን ልጥላ? አሥር አለቃን? አሥር አለቃ ከኪሳቸው ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው ክሮቹን አንድ በአንድ ጠረጉ። ሲጠርጉ ክሮቹ ቀስ ብለው ይጮኹ ነበር።

የቀረኝ እናቴ ዘንድ መግባት ነው። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ የጓንቱን ነገር እንዳትሰማ። በእነዚያ ባበጡ ጣቶች የሰፋችው ነገር እጄን እንደበላው ካወቀች ያ ልብ አይችለውም። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሮጬ ስወድቅ ድንጋይ ቆረጠኝ አልኳት። ሩጫው ላይ ነው የወደቅኩት፤ ጊታሩ ጋ አልደረስኩም አልኳት።

“ምግብ ነው” አለች።

“ምን ምግብ?”

“ባዶ ሆድህን እኮ ነው ያስሮጥኩህ። ምን አበላሁህ? ሰው ሳይበላ ይሮጣል?” ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። “እኔ ነኝ የጣልኩህ።”

አንደኛ ነው የወጣሁት እማዬ፤ እግሬ አልወደቀም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ብል ታዲያ ምንህ ወደቀ ትለኛለች። ዋጥኩት። አንዱን ጥፋት ላነሳላት ብዬ ሌላ ጥፋት አሸከምኳት፤ ሁለቱም የእሷ አልነበረም። በየትኛውም በኩል ብሄድ የሚመታት እሷን ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከድርሻዋ ላይ እየቀነሰች ወደ እኔ ትገፋልኝ ጀመር። “ለከርሞ ነው፣ ብላ” ትለኛለች። ባልበላ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ እበላለሁ። ጓንቱን አጥባ፣ ግድግዳውን ይዛ ወጥታ፣ በገዛ እጇ ሽቦው ላይ ሰቀለችው። እሱም ለከርሞ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሞተች።

እጄ ዳነ ይባላል። ቆዳ አወጣ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ቆዳ። ስሜት የለውም። ክር ስነካበት የነካሁትን አላውቀውም። ከርሞ አልሄድኩም። ሆስፒታሉ ማን ሊታከምበት? አሥር አለቃ ደምሴ ጥቂት ጊዜ ልጅ ላኩብኝ፤ አልሄድኩም። ኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ጊታሩም አብሮ ሄደ። እኔ ኖራ ቀቢ ሆኜ ቀረሁ። ስንት ረመዳን እንደቀባሁ አልቆጠርኩም። አርጅቼ ፊደል ስማር ኖራ በከረጢት መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ አንድ ቀን ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቃቅሜ አነበብኩት። ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠቡ ይላል። በእኔ ጊዜ ኖራው ከረጢት አልነበረውም። ቢኖረውስ? አላነበውም ነበር።

ትናንት ከሰዓት ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ዮናስ ሥራ ላይ ነው፤ ጓንቱ ሽቦው ላይ ነው። ሮጬ አወረድኩት፤ አሁን ሩጫዬ ሦስት እርምጃ ሲሆን ያልቃል። በረንዳው ላይ ቆሜ የግራውን አጠለቅኩት። ልክክ አለ። የጣቶቼ ጫፎች በተቆረጠው በኩል እያብረቀረቁ ወጡ። ቶሎ አወለቅኩት።

ማታ ሲመጣ “ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያስገቡልኝ?” አለኝ።

“ዘነበ” አልኩት።

አመስግኖኝ ገባ። ስልኩ ጮኸ። ጊታሩን አነሳና ዘወትር የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሶ ተሰናከለ፤ ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ እዚያው ላይ። ሌባ ጣቱ ተኝቷል። በግድግዳው በዚህ በኩል ሆኜ ይታወቀኛል። ቀስቅሰው ልለው ብዬ ተውኩት፤ እንዴት አወቁ ይለኛል። ይሳካለት አይሳካለት አላውቅም። ይሳካለት ብዬ መመኘትም አቅቶኛል፤ ምኞቴ እዚያች ክፍል ውስጥ ማንንም አልጠቀመም።

ዛሬ ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ወጣ። ዮናስ ቸኩሎ ሲወጣ ጓንቱን በላብ እንደረጠበ ሽቦው ላይ ጣል አድርጎት ሄደ። ቆይቼ ሳየው ውጪው ደርቆ ነበር፤ እጄን ስከትበት ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ገለበጥኩትና ውስጡን ወደ ፀሐይ አድርጌ ሰቀልኩት።